በሌለ ኢንዛይም ቦታ የታየው መስመር፦ የአንድ ፕላዝማ ናሙና የጉዳይ ጥናት

ናሙናው በደረቅ በረዶ ታሽጎ ሲደርሰን በቱቦው ላይ ከኮድ ቁጥር በቀር ምንም አልተጻፈበትም። አብሮት የመጣው ማስታወሻ ግን ታሪኩን ይዟል። የደሙ ባለቤት ለቀላል ቀዶ ሕክምና ሰመመን ሲሰጠው ሱክሳሜቶኒየም የተባለውን ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ተወጋ። የዚህ መድኃኒት ኃይል በአብዛኛው ሰው ላይ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። በእርሱ ላይ ግን ለሰዓታት ቆየ፤ የራሱ ትንፋሽ እስኪመለስ ድረስ በመሣሪያ ሲተነፍስ ቆይቶ በደኅና ነቃ። ኋላም ደሙ ለምርምር እንዲውል ፈቀደ። ለእኛ የቀረበልን ጥያቄ አንድ ነበር፤ መድኃኒቱን በደም ውስጥ ሰባብሮ የሚያጠፋው ኢንዛይም በዚህ ሰው ፕላዝማ (ሕዋሳቱ በተለዩለት የደም ፈሳሽ) ውስጥ ጨርሶ የለም? ወይስ አለ፣ ግን አይሠራም?

ለሰውየው ሁለቱም መልሶች አንድ ናቸው፤ ያን መድኃኒት ዳግመኛ መውሰድ የለበትም። ለተመራማሪ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። ኢንዛይሙ ኖሮ የማይሠራ ከሆነ፣ ከሞለኪዩሉ የትኛው ቦታ ሲነካ ሥራው እንደሚቆም ያስተምረናል። ከሌለ ደግሞ ጥፋቱ የደረሰው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፤ ወይ ጉበት አልሠራውም፣ ወይ ሠርቶት ወደ ደም ሳይወጣ ፈርሷል። የኢንዛይምን ሥራ የሚለካ ምርመራ እነዚህን ሁለቱን አይለያቸውም፤ ለሁለቱም መልሱ ዜሮ ነው። ሠራም አልሠራም ፕሮቲኑን ራሱን የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል፤ ያ ዓይን አንቲቦዲ ነው፤ የሰው ወይም የእንስሳ ሰውነት ለመከላከያ የሚሠራው፣ አንድን ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን። እዚህ የምጽፈው ያ ዓይን ለሦስት ሳምንታት እንዴት እንዳሳሳተንና ስሕተቱን ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደደረስንበት ነው።

ኢንዛይሙና የሚዋኝበት ባሕር

ኢንዛይሙ ቡቲሪልኮሊንኤስተሬዝ ይባላል። ከዚህ በኋላ ኮሊንኤስተሬዝ እያልኩ አሳጥረዋለሁ፤ በቀይ የደም ሕዋሳት ላይ የሚገኘው የቅርብ ዘመዱ አሴቲልኮሊንኤስተሬዝ እዚህ ታሪክ ውስጥ ስለማይገባ አያምታታንም። ጉበት ሠርቶ ወደ ደም ይለቅቀዋል፤ በደም ውስጥም ግማሹ እስኪወገድ ወደ 12 ቀናት ገደማ ይፈጃል። አንዱ ሰንሰለት 574 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ በላዩም 9 የስኳር ቅርንጫፎች ተተክለውበታል። ክብደቱ ከነስኳሩ፣ የሞለኪዩል ክብደት በሚለካበት ኪሎዳልተን፣ 85 ገደማ ነው። በፕላዝማ ውስጥ ግን ብቻውን አይገኝም፤ አራት ሰንሰለቶች ተያይዘው 340 ኪሎዳልተን የሚመዝን አንድ አካል ይሆናሉ። እነዚህ ቁጥሮች ኋላ ሁሉም ያስፈልጉናል፤ በተለይ ዘጠኙ ስኳሮች።

ኢንዛይሙ በሰው ሁሉ ዘንድ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1957 ቬርነር ካሎው ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ሥራ፣ ዲቡኬይን የተባለ ማደንዘዣ የተለመደውን ኢንዛይም 80 በመቶ ገደማ ሲገታ፣ ሱክሳሜቶኒየም የሚከብዳቸውን የአንዳንድ ሰዎች ኢንዛይም ግን 20 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሚገታ አሳየ። እነዚያ ሰዎች ኢንዛይም አላቸው፤ ቅርጹ ተለውጦባቸዋል እንጂ። የእኛ ናሙና ግን ለዚህ ምርመራ እንኳ አልበቃም። የሚገታ ሥራ ሳይኖር መገታቱን መለካት አይቻልም።

አሁን ወደ ባሕሩ። አንድ ሊትር ፕላዝማ ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ይይዛል። ከዚህ ውስጥ 40 ግራም ገደማው አልቡሚን ነው፤ 10 ግራም ገደማው ኢሚዩኖግሎቡሊን ጂ ነው፤ ብረት ተሸካሚው ትራንስፌሪን ከ2 እስከ 3 ግራም ይደርሳል። ኮሊንኤስተሬዝ 4 ወይም 5 ሚሊግራም ብቻ ነው። በፒፔት ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ለመውደቅ የምታመነታ አንዲት ማይክሮሊትር ፕላዝማ ብንወስድ፣ 70 ማይክሮግራም ያህል ፕሮቲን ውስጥ የምንፈልገው 4 ናኖግራም ብቻ ነው። ለእያንዳንዷ ግራም ኮሊንኤስተሬዝ 10,000 ግራም ያህል አልቡሚን አለ ማለት ነው።

ከእነዚህ ቁጥሮች መካከል በጊዜው ልብ ያላልነው አንዱን ነበር። ኢሚዩኖግሎቡሊን ጂ ማለት የሰውየው የራሱ አንቲቦዲ ነው። በአንቲቦዲ ልንፈልግ የገባነው በአንቲቦዲ በተሞላ ፈሳሽ ውስጥ ነበር።

የመጀመሪያው ሜምብሬን

የመረጥነው ዘዴ ዌስተርን ብሎት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ከተዋወቀ ጀምሮ በየላቦራቶሪው የሚሠራበት። ፕላዝማውን 20 እጥፍ አቀጠንነው፤ ፕሮቲኖቹን የሚዘረጋ ሳሙናና ማያያዣ ድልድዮቻቸውን የሚበጥስ ኬሚካል ጨምረን አፈላነው፤ ከዚያም በጄል ውስጥ በኤሌክትሪክ አስሮጥነው። ትንሹ ፕሮቲን ወደ ታች ይቀድማል፣ ትልቁ ወደ ላይ ይቀራል። በክብደት የተሰለፈው ፕሮቲን ሜምብሬን ወደሚባል ስስ ወረቀት መሰል ነገር ይገለበጣል። በሜምብሬኑ ላይ መጀመሪያ ኮሊንኤስተሬዝን የሚያውቅ የጥንቸል አንቲቦዲ ይፈስሳል፤ ቀጥሎ የጥንቸልን አንቲቦዲ የሚያውቅ የፍየል አንቲቦዲ ይከተላል። በፍየሉ አንቲቦዲ ላይ ብርሃን የሚያስወጣ ፐርኦክሲዴዝ የተባለ ሌላ ኢንዛይም ተጣብቋል። ብርሃን በታየበት ቦታ ኢንዛይማችን አለ ተብሎ ይታሰባል።

ከጥንቸሉ ሌላ አንድ የአይጥ አንቲቦዲም ነበረን። ይህኛው ሞኖክሎናል ነው፤ ከአንድ ሕዋስ ዘር ብቻ ስለሚመነጭ የሚያውቀው አንዲት ነጥብ ብቻ ነው። ይህን ዓይነቱን አሠራር ጆርጅ ኬለርና ሴሳር ሚልስታይን እ.ኤ.አ. በ1975 አስተዋውቀው በ1984 ለኖቤል ሽልማት በቅተውበታል። በሜምብሬን ላይ ስንሞክረው ምንም አላሳየም፤ የጤናማ ሰው ፕላዝማ ላይ እንኳ ባዶ ሆነ። ጠርሙሱ ተበላሽቷል ብለን ወደ ማቀዝቀዣው ጥግ ገፋነው። ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

የጥንቸሉ አንቲቦዲ ግን አላሳፈረንም፤ ቢያንስ በዚያን ቀን እንደዚያ መሰለን። የሦስት ጤናማ ሰዎች ፕላዝማ በጄሉ ሦስት ዓምዶች፣ የእኛ ናሙና በአራተኛው ተሰልፈዋል። በአራቱም ላይ 85 ኪሎዳልተን አካባቢ መስመር ታየ፤ በእኛ ናሙና ላይ ሳሳ ብሎ፣ ግን በግልጽ። ከዚያም በታች፣ በ50 እና በ55 መካከል፣ ከሁሉ የደመቀ ወፍራም መስመር በአራቱም ላይ አለ።

ንባባችን ወዲያው ተቀናጀ። ፕሮቲኑ አለ፤ በደንብ ስላልታጠፈ ይቆረጣል፤ የታችኛው መስመር የቁራጩ ነው። በጤናማዎቹም ላይ ለምን ታየ ለሚለው፣ ናሙናዎቹ ቀዝቅዘው ስለቀለጡ ጥቂት ይቆረጣሉ አልን። የሥራ ልኬቱም የሚደግፈን መሰለን፤ በናሙናው ውስጥ ከጤናማው 5 በመቶ ያህል ሥራ ቀርቶ ነበር። ጥቂት የሚሠራ፣ በብዛት የተሰበረ ኢንዛይም። ታሪኩ ያለ ክፍተት ስለገጠመ የውጤቱን ረቂቅ መጻፍ ጀመርኩ።

ረቂቁን ያሳየኋቸው ከእኔ በፊት ለብዙ ዓመታት በዚህ ሥራ የቆዩ ባልደረባ ነበሩ። ምስሉን ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርገው አዩት፤ ስለ ታሪኩም ምንም አልጠየቁኝም። ያሉት ይህን ብቻ ነው፦ «የጥንቸሉን ትታችሁ የፍየሉን ብቻ ስታፈሱበት ምን ታየ?» አላደረግነውም አልኳቸው። «እንግዲያው ይህ መስመር የማን እንደሆነ ገና አታውቁም» አሉኝ። ቀጥለውም ጣታቸውን የምስሉ ታችኛ ጠርዝ ላይ አደረጉ። «ከዚህ በታች ያለውስ የት ሄደ?»

ከ35 ኪሎዳልተን በታች ያለውን የሜምብሬን ክፍል ቆርጠን ጥለነው ነበር። ኢንዛይማችን እዚያ ስለማይደርስ፣ ትንሽ ሜምብሬን ትንሽ አንቲቦዲ ይበቃዋል ብለን ነው። ውድ የሆነውን ፈሳሽ የመቆጠብ የተለመደ ልማድ ነው፤ በብዙ ላቦራቶሪ ይደረጋል። የቆረጥነው ግን ማስረጃውን ነበር።

የራሱ የፕላዝማው አንቲቦዲ

በማግስቱ ሜምብሬኑን ሳንቆርጥ፣ የጥንቸሉን አንቲቦዲ ትተን የፍየሉን ብቻ አፈሰስንበት። ወፍራሙ መስመር በቦታው ነበር። ከታች ደግሞ፣ በ25 ኪሎዳልተን፣ ቀድሞ ያላየነው ሌላ መስመር ወጣ።

አንድ የኢሚዩኖግሎቡሊን ጂ ሞለኪዩል ድልድዮቹ ሲበጠሱ በሁለት ዓይነት ሰንሰለት ይከፈላል፤ ከባዱ 50 ኪሎዳልተን ገደማ፣ ቀላሉ 25 ገደማ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ እንደ አሻራ ናቸው። የፍየሉ አንቲቦዲ የተሠራው የጥንቸልን ኢሚዩኖግሎቡሊን እንዲያውቅ ነው፤ ይሁን እንጂ የጥንቸልና የሰው ኢሚዩኖግሎቡሊኖች ብዙ የሚጋሩት ቅርጽ አላቸው። በእያንዳንዱ ዓምድ 5 ማይክሮግራም ያህል የሰው ኢሚዩኖግሎቡሊን፣ በአጠገቡም 2 ናኖግራም ያህል ኮሊንኤስተሬዝ ጭነን ነበር። የፍየሉ አንቲቦዲ ለሰው ያለው ዝምድና እጅግ ደካማ ቢሆን እንኳ በብዛት ያሸንፋል። ለማረጋገጥ ድልድዮቹን ሳንበጥስ ሌላ ጄል አስሮጥን፤ የ50ው መስመር ጠፍቶ በ150 አካባቢ ብቅ አለ። ያ የሙሉው ኢሚዩኖግሎቡሊን ክብደት ነው። ቁራጭ ያልነው ነገር የኮሊንኤስተሬዝ ቁራጭ ኖሮ አያውቅም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሰው ኢሚዩኖግሎቡሊን በተለጠፈበት ማጣሪያ ውስጥ አልፎ ሰውን የሚያውቀው ክፍል የተወገደለት የፍየል አንቲቦዲ ይሸጣል። እርሱን ስንጠቀም ወፍራሙ መስመር ከአራቱም ላይ ጠፋ።

ሁሉም ጥርት አለ ማለት አይደለም። የ85ቱ ስስ መስመር በናሙናችን ላይ እንዳለ ቀረ። ይህኛው ደግሞ የፍየሉ አንቲቦዲ ብቻውን ሲፈስስ አይታይም፤ ጥንቸሉ በእርግጥ የሚያውቀው ነገር ነው። ታዲያ ፕሮቲኑ አለ ማለት ነው? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቆሞ አለ ብሎ ይጽፋል ብዬ አምናለሁ፤ እኔም ልጽፍ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ያቆመኝ ከጠርሙሱ ጋር የመጣው ወረቀት ላይ ያለች አንዲት ሐረግ ናት፤ ጥንቸሏ የተወጋችው «ከሰው ፕላዝማ የተጣራ» ኮሊንኤስተሬዝ ነው ይላል።

ጥንቸሏ ያየችው

ከፕላዝማ የተጣራ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። ኤድዊን ኮን በ1940ዎቹ በዘረጋው የአልኮል አሠራር ፕላዝማ በተራ ቁጥር በተሰየሙ ክፍልፋዮች ይለያል፤ ይህ አሠራር ዛሬም የፕላዝማ ኢንዱስትሪ መሠረት ነው። ኮሊንኤስተሬዝ የሚቀመጠው በአራተኛው ክፍልፋይ ውስጥ ነው። ትራንስፌሪንም እዚያው ይቀመጣል። ትራንስፌሪን 80 ኪሎዳልተን ገደማ ይመዝናል፤ በፕላዝማ ውስጥ ከኮሊንኤስተሬዝ 500 እጥፍ ይበዛል። ማጣሪያው ጥቂት ትራንስፌሪን አሳልፎ ከሆነ፣ የጥንቸሏ ሰውነት የትኛው ኢላማ የትኛው ቆሻሻ እንደሆነ የሚለይበት መንገድ የለውም፤ ለሁለቱም አንቲቦዲ ይሠራል። ፖሊክሎናል የሚባለው አንቲቦዲ ጥንካሬውም ድካሙም ይኸው ነው፤ ብዙ ነጥቦችን ያውቃል፣ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ያልጠየቅነው ፕሮቲን ላይ ናቸው።

80 እና 85 በጄል ላይ ተጠጋግተው ስለሚሮጡ በዓይን አይለዩም። ዘጠኙ ስኳሮች የጠቀሙን እዚህ ላይ ነው። ከፕሮቲን ላይ እንዲህ ያሉ የስኳር ቅርንጫፎችን ከሥራቸው የሚቆርጥ ኢንዛይም አለ። ኮሊንኤስተሬዝ ዘጠኙን ሲያጣ ከ85 ወደ 65 ኪሎዳልተን አካባቢ ይወርዳል። ትራንስፌሪን ያሉት ሁለት ብቻ ስለሆኑ ጥቂት ኪሎዳልተን ብቻ ይቀንሳል። አንድ መስመር የሚመስለው ሁለት ከሆነ፣ ስኳሩን ስንቆርጥ ይለያያሉ ማለት ነው።

ይህን ሜምብሬን ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። መጀመሪያ ፕሮቲን ሁሉ እንዲታይ በቀይ ቀለም ነከርነው። በመካከል የአልቡሚን ጉብታ አለ፤ በ66 ኪሎዳልተን ላይ ተጭኖ ጎረቤቶቹን እንደ ቀስት የሚያጎብጥ። የሚወርደው ኮሊንኤስተሬዝ በትክክል እዚያ ጉብታ ላይ ነበር የሚያርፈው፤ ይህን አስቀድመን ማሰብ ይገባን ነበር። ቀለሙን አጥበን አንቲቦዲዎቹን አስከትለን በካሜራው ሳጥን ውስጥ አስቀመጥነው። በጤናማዎቹ ላይ መስመሩ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ከነበረበት ጥቂት ዝቅ ብሎ ቀረ፣ ሁለተኛው ወርዶ በአልቡሚኑ ጉብታ ዙሪያ እንደ ቅንድብ ጎብጦ ታየ። በናሙናችን ላይ ያለው የላይኛው ብቻ ነው። ቅንድቡ የለም።

ለመጨረሻው ጥርጣሬ በሌላ ጄል ላይ በአንደኛው ዓምድ የተጣራ ትራንስፌሪን ብቻ ጫንን። የጥንቸሉ አንቲቦዲ አበራው። ከዚያ በኋላ በዚያ ጠርሙስ በ85 አካባቢ የሚታይን መስመር ያለዚህ ፈተና ማመን አልተቻለም።

ኢንዛይሙ ስለ ራሱ ሲናገር

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ አንቲቦዲ በአንቲቦዲ ላይ ስለ መደርደር ነው፤ እያንዳንዱ ድርብ የራሱን ስሕተት ይጨምራል። ከዚህ ሥራ የወደድኩት ክፍል ግን ሁለተኛው አንቲቦዲ ጨርሶ የማያስፈልግበት ነው፤ ያዳነንም ወደ ጥግ የገፋነው የአይጥ አንቲቦዲ ነው።

የአይጡ አንቲቦዲ በሜምብሬን ላይ ዝም ያለው ተበላሽቶ አልነበረም። የሚያውቀው ነጥብ ፕሮቲኑ እንደታጠፈ ሲሆን ብቻ የሚኖር ቅርጽ ነው። ሳሙናውና ሙቀቱ ፕሮቲኑን ሲዘረጉት ያ ቅርጽ ይፈርሳል። ስለዚህ አንቲቦዲውን ፕሮቲኑ በተፈጥሮ መልኩ ወዳለበት ወሰድነው። በፕላስቲክ ሳሕን ጉድጓዶች ሥር አጣበቅነው፤ የቀጠነ ፕላዝማ አፈሰስንበት፤ ጠብቀን በደንብ አጠብነው። አልቡሚኑ፣ ኢሚዩኖግሎቡሊኑ፣ ትራንስፌሪኑ ሁሉ ከውኃው ጋር ሄዱ። የቀረው አንቲቦዲው የያዘው ብቻ ነው። እርሱን በሌላ አንቲቦዲ ከመፈለግ ይልቅ ምግቡን ሰጠነው።

ምግቡ ቡቲሪልቲዮኮሊን ይባላል። ኢንዛይሙ ሲቆርጠው የድኝ ጫፍ ያለው ቁራጭ ይለቀቃል፤ ያ ቁራጭ የኤልማን ሬጀንት ከተባለው ኬሚካል ጋር ሲገናኝ ቢጫ ቀለም ይወጣል፤ ቢጫው በ412 ናኖሜትር ይነበባል። ጆርጅ ኤልማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1961 ያቀረቡት ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ ያለው መደበኛ መለኪያ ነው። በጤናማዎቹ ጉድጓዶች ቢጫው እያየነው ደመቀ። በናሙናችን ጉድጓድ ውኃው እንደ ጠራ ቀረ፤ ፕላዝማ ካልገባበት ባዶ ጉድጓድ የሚለይበት ነገር አልነበረውም።

ታዲያ ቀደም ሲል ያየነው 5 በመቶ ከየት መጣ? ከአልቡሚን ነበር። አልቡሚን በ34ኛው ቦታው ላይ ያልተያያዘ የድኝ ጫፍ አለው፤ የኤልማን ሬጀንት የማን ድኝ እንደሆነ ሳይጠይቅ ከእርሱም ጋር ቢጫ ይሠራል። በአንድ ሊትር 40 ግራም አልቡሚን ባለበት ይህ ጥቂት አይደለም። ሬጀንቱን ከፕላዝማው ጋር አስቀድመን አቆይተን የአልቡሚኑ ድኝ እስኪያልቅ ብንጠብቅና ምግቡን ከዚያ በኋላ ብንጨምር ኖሮ አንታለልም ነበር። ደግመን እንዲሁ አደረግነው፤ 5 በመቶው ወደ ምንም ወረደ። የመጀመሪያው ታሪካችን ሁለቱም እግሮች፣ መስመሩም ልኬቱም፣ ከአልቡሚንና ከኢሚዩኖግሎቡሊን የተሠሩ ነበሩ።

ይህ ዘዴ ግን የራሱ ዕውር ቦታ አለው፤ ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የማይሠራ ኢንዛይም በአንቲቦዲው ቢያዝም ቢጫ አይሰጥም፤ ቅርጹ የተበላሸም በአንቲቦዲው አይያዝም። ስለዚህ ሌላ ፈተና ጨመርን። የአይጡን አንቲቦዲ በማግኔት የሚሰበሰቡ ጥቃቅን እንክብሎች ላይ አጣብቀን ከጤናማ ፕላዝማ ጋር አቆየነው። እንክብሎቹ ሲለዩ የፕላዝማው ሥራ አብሯቸው ወጣ፤ የቀረው ፈሳሽ ባዶ ሆነ። ከእንክብሎቹ ላይ ያወረድነውን በጄል አስሮጥን። በጤናማዎቹ በ85 ላይ ጥርት ያለ መስመር ወጣ፤ በናሙናችን ምንም የለም። ከእንክብሎቹ የወረደው የአይጡ አንቲቦዲ ራሱ በ50 ላይ መታየቱ አልቀረም፤ አሁን ግን ማን እንደሆነ እናውቀው ስለነበር አላደናገረንም።

ታጥፎ የማይሠራ ፕሮቲን ቢኖር በእንክብሎቹ ይያዝ ነበር። ሳይታጠፍ የቀረ ቢኖር በጥንቸሉ አንቲቦዲ፣ ስኳሩ በተቆረጠለት ሜምብሬን ላይ፣ በቅንድቡ ቦታ ይታይ ነበር። አንዱ የማያየውን ሌላው ያያል፤ ሁለቱም ምንም አላዩም።

ምን ያህል የለም?

«የለም» ማለት በላቦራቶሪ ውስጥ ቁጥር የሚፈልግ ቃል ነው። አንቲቦዲው ከየትኛው መጠን በታች ማየት እንደሚያቅተው ሳንለካ «የለም» ልንል አንችልም። ብዙ ጊዜ ይህ የሚለካው የተጣራ ፕሮቲን በንጹሕ መፍትሔ ውስጥ በማቅጠን ነው። እኔ ይህን አልወደውም። በንጹሕ መፍትሔ ውስጥ አልቡሚን የለም፣ ጉብታ የለም፣ የሚጋፋ ነገር የለም፤ ከእውነተኛው ፕላዝማ ይልቅ ሁሉም ያምራል።

እጃችን ላይ ግን ለዚህ ሥራ ከሁሉ የተሻለ ፈሳሽ ነበር፤ ኮሊንኤስተሬዝ የሌለበት እውነተኛ የሰው ፕላዝማ፣ ማለትም ናሙናው ራሱ። ጤናማውን ፕላዝማ በእርሱ እያቀጠንን ሄድን፤ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ፣ እያለ። የአልቡሚኑና የኢሚዩኖግሎቡሊኑ ብዛት ከላይ እስከ ታች አይለወጥም፤ የሚቀንሰው ኢንዛይሙ ብቻ ነው። ከእንክብሎቹ የወረደው መስመር እስከ 64ኛው ድረስ ይታይ ነበር፤ በ128ኛው ላይ ሰው ካልነገረው የሚያየው አልነበረም። ስለዚህ በውጤቱ ላይ የጻፍነው «የለም» የሚል ቃል አይደለም። ኢንዛይሙ በዚህ ፕላዝማ ውስጥ ካለም ከጤናማው 2 በመቶ በታች ነው፤ ሥራውም ከባዶ ጉድጓድ አይለይም ብለን ጻፍን። ፕሮቲኑ ለምን እንደጠፋ የዘረ መሉ ምርመራ የሚመልሰው ስለሆነ ያን ክፍል ለሚመለከታቸው አስተላለፍን።

ጤናማዎቹን ፕላዝማዎች በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ከሰጪዎቹ አንዳቸውም እርጉዝ ወይም የጉበት ሕመምተኛ አልነበሩም። የኮሊንኤስተሬዝ መጠን በእርግዝና ጊዜና በጉበት በሽታ ይወርዳል። «ጤናማ» ብለን የምንለካበትን መስፈሪያ በግድየለሽነት ብንመርጥ ኖሮ የ2 በመቶው ስሌት ሁሉ በተናጋ ነበር። ናሙናዎቹን የመረጠችው ባልደረባችን ይህን አስቀድማ አስባበት ነበር፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ትክክል ከሆኑት ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ወደ ኋላ የተገለጠው ደብተር

ውጤቱ ከተላከ በኋላ አንድ ሥራ ቀረን፤ በእኔ ዓይን ከሁሉ የከበደው እርሱ ነበር። ያው የጥንቸል ጠርሙስ በእኛ ላቦራቶሪ ለሌሎች ሥራዎችም አገልግሎ ነበር። የላቦራቶሪ ደብተሮቹን አውጥተን ወደ ኋላ ገለጥን። አራት ሜምብሬኖች አገኘን፤ ሁሉም ከ35 በታች ተቆርጠዋል፣ በአንዳቸውም ላይ የፍየሉ ብቻ የፈሰሰበት ምስል የለም። በሁለቱ ገጾች ላይ፣ በራሴ የእጅ ጽሑፍ፣ የ55ቱ መስመር «ቁራጭ» ተብሎ ተሰይሟል።

ናሙናዎቹ ከማቀዝቀዣው ወጥተው አራቱም ተደገሙ። ሁለቱ ንባባቸው ተለወጠ፤ ሁለቱ እንደነበሩ ጸኑ። በአራቱም ገጾች ላይ የቀድሞውን ጽሑፍ ሳንሰርዝ፣ ከጎኑ ቀን ጽፈን አዲሱን ምስል ለጠፍን።

ጠርሙሱን አልጣልነውም። ምን እንደሚያይ ለሚያውቅ ሰው ዛሬም ጥሩ አንቲቦዲ ነው። ባልደረባዬ ወስደው በክዳኑ ላይ በማይለቅ ቀለም በትንንሽ ፊደል ጻፉበት፦ «ትራንስፌሪንንም ያውቃል። ስኳሩን ሳትቆርጡ በ85 ላይ አትፍረዱ። ሜምብሬን አትቁረጡ።»